ተገፍቼ ነው እንጂ ወድቄ አይደለም

ላሊ ሼብዋና በሰባ አራት ዓመቱ ከጀልባ መረማመጃ ሳንቃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። የላሙ ደሴት ሰው በሙሉ «ዕድሜ ነው» አለ። ላሊ ደግሞ «ፋማው ገፍቶኝ ነው» አለ። የሰማው አልነበረም።

የሽማግሌ መውደቅ ምስክር አያስጠራም። ጎረምሳ ቢወድቅ «ማን መታው? ምን ጠጥቶ ነው?» ይባላል። ሽማግሌ ሲወድቅ ግን ሁሉም ነገሩን ቀድሞ ያወቀው ይመስል ራሱን ይነቀንቅና «እርጅና፣ ብቻህን ና» ብሎ ያልፋል። ከተሰበረው አጥንት ይልቅ ላሊን ያንገበገበው ይኸው ነበር። አጥንቱንስ ሞምባሳ ወስደው ብረት አስገቡለት። ለዚህኛው ግን ብረትም አልተገኘለት።

ደግሞስ የማንን እግር ነው ያሙት? ላሊ ወደ ወደቡ የወረደው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከባሕሩ ዳርቻ ጫካ የተቆረጠ አጣና በትከሻው ተሸክሞ፣ ስንዝር ተኩል በማይሞላ ሳንቃ ላይ ከየብስ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ የብስ ሲመላለስ አርባ ሦስት ዓመት ኖሯል። የደቡቡ ነፋስ ሲነሣ፣ ሳንቃው እንደ ፈረስ ጀርባ ሲዘል፣ ሌሎቹ ሸክማቸውን አውርደው ሲጠብቁ እሱ ይሻገር ነበር። «የላሊ እግር ዓይን አለው» ይሉት ነበር። ሸክሙን ከተወ በኋላ እንኳ በየማለዳው ወርዶ፣ በሳንቃው ተሻግሮ፣ ከጀልባ አለቆቹ ጋር ተጨዋውቶ፣ በዚያው ሳንቃ ይመለስ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሌላ ደስታም አልነበረው።

ፋማው የዚያው ቡድን ተሸካሚ ነበር፤ ከላሊ በሦስት ዓመት ያንሳል። ገና በወጣትነቱ አንድ ቀን ከነሸክሙ ከሳንቃው ተንሸራቶ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሙሽራ የጫነች ጀልባ ልትነሣ ስለነበር ወደቡ በሰው ተሞልቷል። ፋማው በአራት እግሩ እየዳኸ፣ ወደ ጎን እየተንፏቀቀ ሲወጣ ላሊ ከላይ ሆኖ «እዩት! ሸርጣን!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋማው «ሸርጣኑ» ሆኖ ቀረ። ሲያገባ «ሸርጣኑ አገባ» ተባለ፤ ልጆቹም የሸርጣኑ ልጆች ሆኑ። ላሊ ያንን ቀን እንደ ጨዋታ ቆጥሮ ረስቶት ነበር።

የወደቀ ዕለት ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ከሙሂዲን ጀልባ ወርዶ ባዶ እጁን ወደ የብስ ሲሻገር ፋማው ከኋላው ይከተለው ነበር። ሳንቃው መሐል ሲደርስ ከግራ ጎድኑ በታች የሆነ ነገር ጎሸመው። ክርን ነው። ላሊ ክርንን ያውቃል። ከዚያ ሰማዩ ተገለበጠና ድንጋዩ ላይ ተገኘ። ቀና ብሎ ሲያይ ፋማው ሁለት እግሩን ተክሎ ሳንቃው ላይ ቆሟል፤ አይጮኽም፣ አይደነግጥም፣ ቁልቁል ያየዋል። ያ ፊት ከላሊ ዓይን አልጠፋም። ክርኑን ግን ለማንም አልተናገረም። «ገፋኝ» ብቻ አለ። ዝርዝሩን እንደ ስለታም ካራ ለራሱ አስቀመጠው።

ሴት ልጁ ዙሁራ ቤት ሁለት ወር ተኛ። ጠያቂ ሲጎርፍ ፋማውም መጣ፤ ያውም የበሰለ ማንጎ በቅርጫት ይዞ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቆቡን አስተካክሎ፣ በሰው ፊት እንዲህ አለ፦

«እንግዲህ ወንድሜ፣ አርጅተናል። ሳንቃውን ለልጆቹ እንተውላቸው። እግር ሲከዳ እልህ ዋጋ የለውም።»

ላሊ አንዱን ማንጎ አንሥቶ ወረወረበት። ፋማው ጎንበስ ሲል ማንጎው ግድግዳው ላይ ፈረጠ። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ሴት «ሕመሙ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል» ብላ ስታንሾካሹክ ላሊ ሰማት። ፋማው በትዕግሥት ተነሥቶ «አይዞህ» አለውና ወጣ። ሲወጣ በከንፈሩ ጥግ ፈገግታ ነበረች፤ ያያት ላሊ ብቻ ነው።

ዙሁራ ግድግዳውን እየጠረገች ተቆጣች። «አባ፣ ተው እንጂ! በቀን አምስት ጊዜ ትሰግዳለህ፣ ይህን ቂም ይዘህ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሆነብህ እኮ።»

«ገፍቶኛል።»

«እሺ ገፍቶሃል። ማን አየ?»

«እኔ።»

«አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ነበር።»

ላሊ ወዲያው ሙሂዲንን አስጠራ። የጀልባው አለቃ ሙሂዲን የማይዋሽ ሰው ነው፤ ወደቡ ላይ የእሱ ቃል ቃል ነው። መጥቶ ቁጭ አለና እውነቱን ተናገረ።

«ላሊ፣ አየሁ ብል ውሸት ነው። ገመድ እያሰርሁ ነበር። ድው ሲል ዞር አልሁ፣ አንተ ታች ነህ። ከዚያ ያለውን አላህ ነው የሚያውቀው።»

«እግሬን ግን ታውቀዋለህ።»

«የዱሮውን አውቃለሁ። የአሁኑን…» ሙሂዲን ጢሙን ደባበሰ። «አትቀየመኝ። ሽንት ቤት ለመሄድ በልጅህ ትከሻ የምትደገፍ ሰው ‹እኔ በራሴ አልወድቅም› ብትል ማን ይሰማሃል?»

ሙሂዲን ይህን ብሎ ሄደ። ላሊ ኮርኒሱን እያየ ቀኑን ሙሉ አሰበበት። ወደ ማታ ላይ ዙሁራን ጠርቶ «ያቺ የእግር ሐኪም የምትሏት ሴት፣ ነገ ጥሪልኝ» አላት። ዙሁራ ደስ ብሏት ቀኝ እጁን ሳመች። አባቷ ሊድን የፈለገ መስሏት ነው። ላሊ የፈለገው ማስረጃ ነበር። ያለ ምርኩዝ በዚያ ሳንቃ ላይ ተመላልሶ ካሳየ፣ ያኔ የወደቀው በእግሩ ድካም እንዳልሆነ የማያምን አይኖርም። እግሩ ካልጣለው ደግሞ ከኋላው የነበረው ማን ነው? ፋማው። ሌላ ሰው አልነበረም።

ሲስተር ቲማ የአርባ ዓመት ሴት ናት፤ ባሏ ባሕር ላይ ቀርቶባት ሁለት ልጅ ለብቻዋ ታሳድጋለች። ሞምባሳ ተምራ የመጣችው የወደቀን ሰው መልሶ ማቆም ነው። ቀልድ አታውቅም። ገብታ መጀመሪያ የጠየቀችው መድኃኒቶቹን ነበር።

«የደም ግፊቱን ክኒን መቼ ነው የሚወስዱት ባባ?»

«ጠዋት፤ እንደ ነቃሁ።»

«ወስደው ወዲያው ይነሣሉ?»

«እና ምን ላድርግ? ልተኛ?»

«አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ። እግርዎን ያወዛውዙ፤ ቀስ ብለው መቶ ይቁጠሩ። ከዚያ ይነሡ። ይህ ነጠላ ጫማ ደግሞ…» በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችው። «ይህን ለጠላትዎ ይስጡት።»

ላሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ይቺ ሴት ታዋጣኛለች» አለ።

ከወንበር መነሣት ተጀመረ። እጅ ሳያስደግፉ መነሣት፣ ዘፍ ሳይሉ መቀመጥ፤ አሥር ጊዜ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜም አልቻለም። ጭኑ ተንቀጠቀጠ፤ ላቡ ወረደ። «ነገ እንሞክራለን» አለችው ቲማ። ከሄደች በኋላ ላሊ ጥርሱን ነክሶ የዚያን ፈገግታ አስታወሰና «ፋማው!» ብሎ ተነሣ። ቆመ። ተቀመጠ። «ፋማው!» እንደገና ተነሣ። ሦስተኛው ላይ ወንበሩ ከነእሱ ሊገለበጥ ሲል ዙሁራ ደርሳ ያዘችው። በሳምንቱ አሥር ሞላ። ቲማ ቁጥሩን ስትሰማ ተገረመች፤ በአንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፋንታ «ፋማው፣ ፋማው፣ ፋማው» ሲል ግን የሚጸልይለት መስሏት «ወዳጅዎ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ያለ እሱ አልነሣም ነበር» አላት።

ከዚያ በመስኮቱ ደፍ ተደግፎ ተረከዝ ማንሣት መጣ፤ ከዚያ በአንድ እግር መቆም። በጎረምሳነቱ በአንድ እግሩ ቆሞ እሾህ የሚነቅል ሰው፣ አሁን ጣቱን ከመስኮቱ ሲያላቅቅ ሦስት እንኳ ሳይቆጥር ይንገዳገዳል። ውርደቱ ከሕመሙ ባሰ። የተሰበረው እግሩ ባቱ ሟሙቶ የሕፃን ክንድ አክሏል። አንዳንድ ቀን አልጋው ላይ ተጋድሞ እንባው ይወርድ ነበር፤ የቁጣ እንባ ነው። ዙሁራ ዓሣ በኮኮናት ወተት ሠርታ ስታቀርብለት ከወትሮው እጥፍ ይበላል። «ብላ ያለችኝ ሐኪሟ ናት፤ ሥጋ ከሌለ ጉልበት የለም» ይላል።

የላሙ መንገድ ጠባብ ነው፤ ክንዱን የዘረጋ ሰው የግራውንም የቀኙንም ግድግዳ ይነካል። ቲማ ላሊን ከቤቱ ኋላ ባለችው መንገድ አወጣችውና መሬት ላይ ገመድ ዘረጋች። ተረከዙን ከሌላው እግሩ አውራ ጣት እያጋጠመ በገመዱ ላይ እንዲሄድ፣ ሲንገዳገድ ብቻ ግድግዳውን እንዲነካ ነገረችው። አህዮች አሸዋ ጭነው ሲያልፉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያሳልፋቸዋል፤ ካለፉ በኋላ ከቆመበት ይቀጥላል። በየባራዛው፣ በቤቶቹ ደጃፍ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ፣ የተቀመጡ እኩዮቹ ይተርቡታል።

«ላሊ፣ ለሠርግህ ነው የምትለማመደው?»

«ለቀብር ነው።»

«የማን?»

«ሲደርስ ትጠራለህ።»

ተረቡ ፋማው ጆሮ ደረሰ። ፋማው አንድ ከሰዓት በኋላ በዚያች መንገድ መጣ፤ ሆዱን አስቀድሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ገመዱን አየና ቆመ።

«ማሽ አላህ! ሕፃን መሄድ ሲጀምር ደስ ይላል» አለ።

ላሊ ገመዱ ላይ እንዳለ አልተነቃነቀም። «እለፍ» አለው።

«ቦታ ስጠኝ እንጂ ልለፍ። አለዚያ ደግሞ ገፋኝ ትላለህ።»

በባራዛው የነበሩት ሳቁ። ላሊ ግድግዳውን ሳይነካ፣ በአንድ እግሩ ገመዱ ላይ፣ ሌላውን አንሥቶ ጎኑን ሰጠው። ፋማው እስኪያልፍ ድረስ እንደዚያው ቆየ።  ሰውዬው ሲርቅ ቲማ «አሥራ ሁለት ቆጠርሁ ባባ» አለችው በቀስታ። እስከዚያ ድረስ ከስድስት አልፎ አያውቅም ነበር።

ልምምዱ በተጀመረ በአምስተኛው ወር ግን ነገሩ ተበላሸ። ቲማ በገመዱ ላይ እየሄደ አንገቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲያዞር አዘዘችው። ወደ ቀኝ ሲያዞር ደህና ነው። ወደ ግራ ሲያዞር መላ ሰውነቱ አብሮ ሄደና ግድግዳው ባይኖር ተዘርግቶ ነበር። ደጋግማ ሞከረችው፤ ያው ነው።

«የጆሮ ሚዛን ነው» አለች። «በዚህ ዕድሜ ይመጣል። ባባ… የወደቁ ዕለት ሰው ጠርቶዎት ነበር? ዞር ብለው ነበር?»

ላሊ ትዝ አለው። ከጀልባው ላይ አንድ ሰው «ላሊ!» ብሎ ጠርቶት ነበር። መሐል ላይ። በግራ በኩል።

«አልዞርሁም» አላት።

«ምናልባት ሳያውቁት…»

«አልዞርሁም አልሁሽ! አንቺም ከእነሱ ወገን ነሽ? ሂጂ ከዚህ!»

ሳምንቱን ሙሉ አልወጣም። የክርኑን ነገር ጎኑ ላይ እየደባበሰ ፈለገው። እዚህ ጋ ነው፤ ከጎድኑ በታች። ነው ወይስ አይደለም? የሳንቃው ጠርዝ ይሆን ሲወድቅ የመታው? ፋማው ካልገፋው ሰባት ወር የታመመው፣ የማለው፣ የጠላው በማን ላይ ነው? በራሱ አንገት ላይ? ያን ማሰብ አልቻለም። በራስ አንገት ላይ በቀል የለም።

በስምንተኛው ቀን ቲማ ቤት ድረስ በምርኩዙ ሄደ። ልብስ ስታጥብ አገኛት። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ይቅርታ መጠየቅ አያውቅበትም።

«አዟዟሩን አስተምሪኝ» አለ።

ቲማ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ወንበር ሰጠችው። «ያዞርዎታል፣ ያቅለሸልሽዎታል።»

«ያዙረኝ።»

ዓይንን አንድ ነጥብ ላይ ተክሎ አንገትን ማዞር፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን አድርጎ፤ ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ እየሄደ። አስታወከ። ደገመ። ወር ሳይሞላ መዞሩ እየቀነሰ መጣ። ክርኑን ግን ማሰቡን አላቆመም፤ ጥርጣሬው ጥላቻውን አላበረደውም፤ ነዳጅ ሆነለት።

ወደቡ ከወትሮው የሚደምቅበት ቀን የመውሊድ በዓል ማግስት ነው፤ እንግዶቹ ወደየደሴታቸው ይመለሳሉ። ላሊ ያን ቀን መረጠ። ሰዓቱንም መረጠ፤ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ድንጋዮቹ ጥርሳቸውን ሲያሳዩ። ዙሁራ ስትሰማ እሪ አለች።

«ቢያንስ ሙላት ላይ አድርገው! ብትወድቅ ውኃ ላይ ትወድቃለህ!»

«ያን ዕለት ሸሽቶ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ይሁን።»

ቲማ ግን አላለቀሰችም። አጎንብሳ የጫማውን ማሰሪያ አጠበቀችለትና «ዓይንዎን ከእግርዎ ላይ ያንሡ፤ የጀልባውን ምሰሶ ይዩ» አለችው። ይኼው ነው ያለችው።

ሙሂዲን ሳንቃውን ራሱ አነጠፈው። ላሊ ምርኩዙን ለዙሁራ ሰጥቶ አንድ አጣና አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ወሬው እንደ እሳት ተዛመተ፤ ወደቡ ዳር እስከ ዳር ሞላ። ፋማውም ከፊት ቆሟል፤ ሊቀር አይችልማ።

ሳንቃው ከእግሩ ሥር ሲረግብ ላሊ አወቀው። ዱሮ የነበረውን አካሄድ ግን አልሞከረም፤ የዱሮው እግር እንደሌለ ያውቃል። የገመዱን አካሄድ ሄደ። ተረከዝ፣ አውራ ጣት። ተረከዝ፣ አውራ ጣት። ዳሌው ውስጥ ያለው ብረት እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ይሰማው ነበር። ጀልባው ላይ ደረሰ። እዚያ አላረፈም፤ ዞረ። ወደ ግራ ዞረ፤ ሆን ብሎ ወደ ግራ። አጣናው ከሱ ጋር በሰፊው ተሽከረከረ። አንድ ጊዜ ተወዛወዘ።  ዓይኑን ምሰሶው ላይ ተከለ፤ ዓለም ተመልሳ ቆመችለት። ከዚያ ተመለሰ።

እልልታው ሲበርድ አጣናውን ጣለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ያን ዕለት ባዶ እጄን ነበርሁ። ብረትም አልነበረብኝ። ዛሬ ከነብረቱ፣ ከነሸክሙ ሄጄ መጥቻለሁ። ማነው ‹እግሩ ከዳው› ያለው?»

ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ፋማው ዞረ። ፋማው ሳቀ። «ስምንት ወር ሐኪም ሲያገላብጥህ ከርሞ ነው እንጂ! ያኔማ…»

«አንተ ሐኪም አላስፈለገህም። ከእኔ ታንሳለህ። ተሻገርና አሳየን። በዕድሜ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ትወድቅና እውነተኛ ትሆናለህ።»

«እኔ እንዳንተ አልጃጃልም።»

ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት «ሸርጣኑ ፈራ!» ብላ ጮኸች። ሳቁ ተነሣ። የፋማው ፊት ጠቆረ። ነጠላ ጫማውን አውልቆ ሳንቃው ላይ ወጣ።

አምስት እርምጃ በንዴት ሄደ። በስድስተኛው ቁልቁል አየ። ቆመ። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳንቃውም አብሮት ተንቀጠቀጠ። ወደ ፊት መሄድ አልቻለም፤ መዞርም አልቻለም። እጁን ዘርግቶ አየሩን ይዳስሳል።

ላሊ ወደ ሳንቃው ጫፍ ተጠጋና አንድ እግሩን አሳረፈበት። ሳንቃው ጫን ሲባል እዚያ መሐል ላይ ያለው ሰው ከፍና ዝቅ አለ።

«ላሊ! በአላህ!» አለ ፋማው።

«ምን አደረግኸኝ?»

«እጅህን ስጠኝ!»

ላሊ ደግሞ ጫን አደረገ። «ምን አደረግኸኝ?»

ሙሂዲን «ላሊ፣ እግርህን አንሣ» አለው። ላሊ አላነሣም።

«ክርኔን ነው!» ብሎ ጮኸ ፋማው፣ ድምፁ እንደ ሴት ቀጥኖ። «ክርኔን ብቻ ነው ያስጠጋሁት! ክርኔን! አርባ አራት ዓመት ሸርጣን አሰኘኸኝ! ልጄን ያጨ ሰው ‹የሸርጣን ልጅ አላገባም› ብሎ ተመለሰ፤ አንተ ረሳኸው! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! አንሣ እግርህን!»

  ክርን። ላሊ ለማንም ያልነገረውን ቃል ከክርኑ ባለቤት አፍ ሰማው። እንዲህ ያለ ደስታ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አልጎበኘውም፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እግሩን ወዲያው አላነሣም። እስከ አሥር ቆጠረ፤ ቀስ ብሎ። ከዚያ አነሣ።

እጁን ግን አልሰጠም። ፋማው ተንበረከከ፤ በአራት እግሩ እየዳኸ መጣ። ሊስቁ የጀመሩ ነበሩ፤ ሙሂዲን ዞር ብሎ ሲያያቸው ተዉት።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ፋማው ጥፋቱን አምኖ ፍየል አረደ፤ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀ። አንዱ ሽማግሌ ስለ ቅጽል ስሙም ላሊን ወቀሰው። ላሊ አዳምጦ «እሱስ ልክ ነው። ስም ሰጠሁት፤ እሱ ደግሞ ብረት ሰጠኝ። እኩል ነው የምትሉ ከሆነ ስሙን ለእኔ ስጡኝና ብረቱን እሱ ይውሰድ» አለ።  ፍየሉን በላ፤ አጥንቱን ሳይቀር ጋጠ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ ሲባል ግን ምርኩዙን በሁለት እጁ ያዘ።

ቤት ሲመለሱ ዙሁራ «አሁንስ ልብህ አረፈ?» አለችው።

«ተኝቷል፤ አልሞተም» አላት።

ፋማው ከዚያ ወዲህ ወደብ አይወርድም። የሚሰግደውም ሌላ መስጊድ ነው፤ ራቅ ያለው፣ ዳገት ያለበት። ጉልበቱን ያመዋል ይላሉ። ላሊ ይህን ሲሰማ የትኛው ጉልበቱ እንደሆነ ይጠይቃል።

ቲማ ግን የላሊን ነገር ለሥራዋ አዋለችው። ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ የቅመም ዛፍ ጥላ ሥር፣ በየሐሙሱ አሥራ አምስት የሚሆኑ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ትሰበስባለች። ወድቀው የተነሡም፣ ገና ያልወደቁም አሉ። አንድ ሐሙስ «ባባ ላሊ፣ እንዴት እንደ ተነሡ ይንገሯቸው» አለችው። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ገመዱ እንዲናገርላት ፈልጋ ነበር።

ላሊ ያለ ምርኩዝ ተነሥቶ መሐላቸው ቆመ።

«ወንበራችሁን ያዙ» አለ። «አንድ እግራችሁን አንሡ። አሁን እያንዳንዳችሁ አንድ የምትጠሉት ሰው አስቡ።»

«ባባ!» አለች ቲማ።

«ተዪኝ። ፊቱን እዩት። ሲስቅባችሁ እዩት። አሁን ወንበሩን ልቀቁ። መጀመሪያ እግሩን ያወረደ፣ እሱን ጠላቱ አሸነፈው።»

አሥራ አምስት አዛውንት በአንድ እግራቸው ቆሙ። ከንፈር ተነከሰ፤ ዓይን ተጨፈነ። ከኋላ የነበሩት ሰማንያ ያለፋቸው አሮጊት ቢ ምዋናኮምቦ ጥቁር ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እየተወዛወዙ ጠየቁ።

«የእኔዋ እኮ ሞታለች፣ ላሊ። የባሌ እናት ነበረች። ምን ላድርግ?»

«መቃብሯ የት ነው?»

«እዚያው፣ ከአሸዋው ኮረብታ ማዶ።»

«እንግዲያው እዚያ ድረስ በእግርዎ ይሂዱና ላይዋ ላይ ይቁሙባት።»

ሳቁ ሲነሣ ግማሾቹ እግራቸውን አወረዱ። ቢ ምዋናኮምቦ ግን አላወረዱም። ዓይናቸውን ከኮረብታው ላይ ሳያነሡ፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቆጥራሉ። ቲማ ሰዓቷን አወጣች።